ጥያቄው የቆየ፣ መሣሪያው አዲስ፦ የዌብ ፍሬምወርክን በአንድ ትንሽ ፕሮጀክት መማር

ዌብ የሚሠራ ሰው ትምህርት ጨረስኩ ብሎ አያውቅም። ገጽ ለመሥራት አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ ፍሬምወርክና መሰሎቹ፣ በየጊዜው አዲስ ይመጣል። ጄኩዌሪ እ.ኤ.አ. በ2006 መጣ። ፌስቡክ በ2013 ሪአክትን ለማንም ክፍት አደረገ። በዓመቱ ቪዩ ተከተለ፤ በ2016 ደግሞ ስቬልት። ዛሬ ብዙዎች ፕሮጀክት የሚያስጀምሩበት ቪት በ2020 ብቅ አለ። አንዱን የያዘ ሰው እንኳ አርፎ አይቀመጥም። ሪአክትን በ2017 የተማረ ሰው በ2019 ሁክስ የሚባል አዲስ አሠራር ሲመጣ አጻጻፉን እንደ አዲስ መልመድ ነበረበት። ለዓመታት ጀማሪው ሁሉ የሪአክት ፕሮጀክት ይጀምርበት የነበረው ክሪኤት ሪአክት አፕ በ2025 መጀመሪያ ላይ በይፋ ጡረታ ወጣ። የቆየ ቪዲዮ ይዞ የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያው ትእዛዝ ማስጠንቀቂያ የሚያነበው ለዚህ ነው።

ሁሉንም መከተል አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ግን አንዱን መማር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሥራ ማስታወቂያው ሪአክት ይላል፣ ወይም የገባችሁበት ቡድን በቪዩ ነው የሚሠራው። ያኔ ምን ይደረግ? "ትንሽ ፕሮጀክት እየሠራችሁ ተማሩ" የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል። ምን ዓይነት ትንሽ ፕሮጀክት የሚለው ላይ ግን ብዙም አይወራም። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ቪዲዮው ላይ ሁሉም ይገባል

ኮርስ መውሰድ መጥፎ አይደለም። በ2016 ዓ.ም ክረምት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ሰው ከኮድ ጋር አስተዋውቋል። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። ችግሩ የሚመጣው ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ነው። ባዶ ፋይል ትከፍታላችሁ፤ ጣት አይንቀሳቀስም። ትናንት ሁሉም ነገር ገብቷችሁ ነበር እኮ!

ገብቷችሁ የነበረው የአስተማሪው ውሳኔ ነው። ይሄ ለብቻው ኮምፖነንት (የገጹ አንድ ክፍል) ይሁን፣ ያ ስቴት (ገጹ የሚያስታውሰው፣ የሚቀያየር ዋጋ) ይሁን፣ ይሄኛው ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) እዚህ ይቀመጥ ብሎ የወሰነው እሱ ነው። እናንተ አብራችሁ ጻፋችሁ። አዲስ መሣሪያ ላይ የሚከብደው ግን አጻጻፉ ሳይሆን ውሳኔው ነው። አጻጻፍ ከዶክመንቴሽን ላይ በደቂቃ ይገኛል። ውሳኔ የሚለመደው በመወሰን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ ያልወሰነላችሁ ፕሮጀክት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ "ቴሌግራምን የመሰለ ነገር እሠራለሁ" ብሎ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሎግ-ኢን ላይ ይቆይና ይተወዋል። ሌላው ሲጫኑት ቁጥር የሚጨምር ቁልፍ ሠርቶ ሪአክት ቻልኩ ይላል። በመሐል ያለው የታወቀ መልመጃ የሥራ ዝርዝር ነው፤ ቱ-ዱ ሊስት የሚባለው። ቱዱ ኤምቪሲ የተባለ ፕሮጀክት ይሄንኑ ዝርዝር በብዙ ፍሬምወርኮች እየጻፈ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አንዱን ነገር በተለያየ መሣሪያ ማየት ልዩነቱን ያወጣዋል። እኔ ግን ለራስ መማሪያ አልመርጠውም። አንደኛ፣ መልሱ በየቦታው ተጽፎ ስላለ እጅ ወደ ኮፒ-ፔስት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ብዙም አይሳሳትም። ተሳስታችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ስለዚህ ለመማሪያ የሚሆን ፕሮጀክት ስመርጥ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ጥያቄው ያለ ኮምፒውተርም በደንብ የማውቀው መሆን አለበት። መልሱ ደግሞ ትክክል ወይም ስህተት መሆኑ በግልጽ የሚታይ መሆን አለበት። አዲስ ምጣድ የሚሞክር ሰው በዚያው ቀን ሊጡንም አይቀይርም፤ እንጀራው ዓይን ባያወጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅማ። ኮድም ላይ እንዲሁ ነው። ጥያቄውም መሣሪያውም አዲስ ከሆነ፣ ኤረር ሲመጣ የትኛው እንዳሳሳታችሁ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ለኛ እነዚህን ሁለቱን የሚያሟላ ፕሮጀክት ደጃችን ላይ አለ፤ የቀን መቀየሪያ። የኢትዮጵያን ቀን አስገብቶ የፈረንጁን ማውጣት።

መጀመሪያ ስሌቱ፣ ያለምንም ፍሬምወርክ

ሂሳቡን እናውቀዋለን። 13 ወር አለን። 12ቱ 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ፣ 6 ትሆናለች። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመኑ የሉቃስ ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች። ቀጣዩ 2019 ነው።

ብዙ ሰው ወደ ኮድ ሲገባ አቋራጭ ይወስዳል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ይልና ከዚያ ተነስቶ ይደምራል። ከሉቃስ ቀጥሎ 12 ይሆናል የሚል አንድ "ኢፍ"፣ ማለትም "እንዲህ ከሆነ" የሚል መስመር፣ ይጨምርበታል። ይሠራል፤ የሚፈርስበት ቦታ እስኪመጣ ድረስ።

ደህናው መንገድ ሁሉንም ነገር ወደ ቀን ቁጥር መቀየር ነው። አንድ ቀን በፈረንጅም በኛም በእርግጠኝነት የምናውቀውን መነሻ እንያዝ። ሚሌኒየሙ ይሁን፤ መስከረም 1 ቀን 2000 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከዚያ ለየትኛውም የኢትዮጵያ ቀን እንዲህ ይሰላል፦ ከዓመቱ 1 ይቀነስና በ365 ይባዛል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ትራፊው ተጥሎ ይደመርበታል። ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ይባዛና ይደመራል። በመጨረሻ ቀኑ ይደመራል። ይሄንን ለፈለጋችሁት ቀንና ለሚሌኒየሙ አስሉና አቀናንሱ። የሚወጣው ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ብዛት ነው። እሱን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ደምሩ። የፈረንጁን ወገን ጣጣ፣ ፌብሯሪ ስንት ቀን ነው የሚለውን፣ የዌቡ ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ራሱ ያውቀዋል።

ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2016። የ16 ዓመት ልዩነት በ365 ሲባዛ 5,840 ነው። 2016 ለ4 ሲካፈል 504፣ 2000 ለ4 ሲካፈል 500፤ ልዩነቱ 4። ድምሩ 5,844 ቀን። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ያደርሳችኋል። ትክክል ነው። በ2015 ማብቂያ የሉቃስ ጳጉሜን ስለነበረች በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በ12 ነው የዋለው።

አሁን ወደ ዓድዋ እንሂድ። የካቲት 23 ቀን 1888። ዛሬ የዓድዋን በዓል የምናከብረው በፈረንጅ ማርች 2 ነው። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ የታሪክ መጻሕፍትም እንዲሁ ይላሉ። ማንም አልተሳሳተም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1900 ለ4 ቢካፈልም ፌብሯሪ 29 አልነበረውም፤ መቶ ሲሞላ ለ400 ካልተካፈለ ይዘሉታል። እኛ አንዘልም። ስለዚህ ከ1900 በፊት በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት ዛሬ ካለው በአንድ ቀን ያንሳል። አቋራጩን የወሰደ ሰው ኮድ ማርች 2 ይላል። በቀን ቁጥር የሄደው ግን ከዓድዋ እስከ ሚሌኒየሙ 40,736 ቀን ቆጥሮ ማርች 1 ላይ ያርፋል፤ ስለ 1900 አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ። በነገራችን ላይ 2100ም ይዘለላል። ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ ወይ በ12 ወይ በ13 ይሆናል።

ዓድዋን እንደ ፈተና ያዙት። በየትኛውም መሣሪያ ስትጽፉት መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ እሱ ነው። ቪቴስት የሚባለውን የመፈተኛ መሣሪያ መማር ለምትፈልጉም የመጀመሪያ ፈተና አገኛችሁ ማለት ነው።

በተቃራኒው፣ ከፈረንጅ ወደ ኛ ሲሆን፣ የቀን ቁጥሩን ለ1,461 እያካፈሉ መመለስ ነው፤ የአራት ዓመት የቀን ብዛት ስለሆነ። ይሄኛውን ለእናንተ ልተወው።

አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ዋሽንግተን የሚበላሽ

ስሌቱን በተራ ጃቫስክሪፕት ስትጽፉ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የታወቀ ነው። ጃቫስክሪፕት ወር የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ጃንዋሪ 0፣ ሴፕቴምበር 8። አንዴ ትሳሳቱና ሁለተኛ አትረሱትም።

ሁለተኛው ግን ክፉ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ አታዩትም። ቀኑን 2024፣ 09፣ 11 ብላችሁ በሰረዝ አያይዛችሁ በጽሑፍ ብትሰጡት፣ ጃቫስክሪፕት የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ፣ አድርጎ ይወስደዋል። በዚያች ቅጽበት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ እንቁጣጣሽ። ቴልአቪቭና ዱባይ ያለ ሰውም ልክ ነው የሚያየው። ዋሽንግተን ግን ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ የሴፕቴምበር 10 ምሽት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስታችሁ ልጅ የሠራችሁትን ስትከፍት እንቁጣጣሽ ጳጉሜን 5 ሆኖ ይጠብቃታል። "ተበላሽቷል" ትላችኋለች። እናንተ ጋ ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ማለቂያ የለውም።

መፍትሔው አጭር ነው። ቀኑን ስትፈጥሩም ስታነቡም በዩቲሲዎቹ ፋንክሽኖች ብቻ ተጠቀሙ፤ ግማሹን በዚያ ግማሹን በዚህ አታድርጉ። ማረጋገጫውም ቅርብ ነው። ክሮም ላይ በዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ ሴንሰርስ የሚል ክፍል አለ። ቦታችሁን ሳን ፍራንሲስኮ አድርጋችሁ ገጹን እንደገና ክፈቱ። ሳትጓዙ አሜሪካ ናችሁ።

ስሌቱ ሲያልቅ ለብቻው አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። ሳጥንም ቁልፍም የማያውቅ፣ ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ንጹሕ ፋንክሽን ይሁን። ከዚህ በኋላ አይነካም። አዲሱ መሣሪያ የሚገባው አሁን ነው።

ሦስት ሳጥን፣ አንድ መልስ

ገጹ ቀላል ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚመረጥባቸው ሦስት ሳጥኖች፤ ከሥራቸው የፈረንጁ ቀን። በቃ።

በሪአክት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስቴት ያስቀምጣል። አንዱ የኢትዮጵያው ቀን፣ ሌላው የፈረንጁ። ከዚያ የመጀመሪያው በተቀየረ ቁጥር ሁለተኛውን የሚያስተካክል ዩዝ ኢፌክት የሚባል ሁክ ይጽፋል። ይሠራል፤ ተንኮሉም መሥራቱ ነው። ሪአክት ገጹን መጀመሪያ ከአሮጌው መልስ ጋር ያዘጋጃል፤ ከዚያ ኢፌክቱ ይነሳና እንደገና ይሠራዋል። ለአንድ ለውጥ ሁለት ዙር። ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያም ይቀይርልኝ ብላችሁ ሁለተኛ ኢፌክት ስትጨምሩ ደግሞ ሁለቱ ይሳደዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረንጁ ቀን ስቴት አይደለም። ከስቴት የሚሰላ ነው። ተጠቃሚው የሚነካው የኢትዮጵያውን ብቻ ስለሆነ ስቴት የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። የፈረንጁን ኮምፖነንቱ ውስጥ አንድ ተራ መስመር ላይ ፋንክሽኑን ጠርቶ ማስላት ይበቃል፤ ያለ ሁክ፣ ያለ ኢፌክት። ይሄ ስህተት እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ የሪአክት ዶክመንቴሽን "ኢፌክት ላያስፈልጋችሁ ይችላል" የሚል አንድ ሙሉ ገጽ መድቦለታል።

አሁን ያንኑ ገጽ በቪዩ ጻፉት። ቪዩ ለሚሰላ ነገር የራሱ ስም አለው፤ ኮምፒውትድ። ስቬልት ደግሞ በ2024 ከወጣው 5ኛ ዕትሙ ጀምሮ ዲራይቭድ ይለዋል። ሪአክት ለዚህ የተለየ ስም አላወጣም፤ ስሌቱ ከባድ ሲሆን ብቻ ዩዝ ሜሞ የሚል አለው። ሦስት ፍሬምወርክ፣ አንድ ሐሳብ፦ የተነካው ይቀመጣል፣ የሚሰላው አይቀመጥም። ይሄን ሐሳብ በቪዲዮ ሲነገር ሰምታችሁት ይሆናል። በገዛ እጃችሁ የእንቁጣጣሽ ቀን ላይ ሲፈጸም ስታዩት ግን አራተኛው ፍሬምወርክ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት "እናንተ ጋ የሚሰላ ነገር የት ነው የሚጻፈው?" ብላችሁ ይሆናል።

ጳጉሜንን የመረጠ ተጠቃሚ

የዚህ ፕሮጀክት ምርጡ ክፍል ጳጉሜን ናት። ተጠቃሚው የካቲት 23 ላይ ነበር። አሁን የወሩን ሳጥን ከፍቶ ጳጉሜንን መረጠ። የቀኑ ሳጥን ከ30 ወደ 5 ወይም 6 ያጥራል። የተመረጠው 23ስ?

በሪአክት ብትጽፉት ስቴቱ ውስጥ 23 እንዳለ ይቀራል። ሳጥኑ ውስጥ ግን 23 የለም። ብሮውዘሩ የመጀመሪያውን ምርጫ፣ 1ን፣ ያሳያል። ስክሪኑ ጳጉሜን 1 ይላል፤ ስሌቱ ጳጉሜን 23ን ይወስዳል፤ ከታች የሚወጣው መልስ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ኤረር የለም። ቀይ ጽሑፍ የለም። ዝም ብሎ ስህተት ነው። በቪዩ ደግሞ ያው ነገር ሌላ መልክ አለው፤ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡ ግን 23 ነው።

እዚህ ላይ መወሰን የእናንተ ነው። ወሩ ሲቀየር ቀኑን ወደ መጨረሻው ትክክለኛ ቀን ታወርዱታላችሁ? ወይስ እንዳለ ትታችሁ "ጳጉሜን 23 ቀን የላትም" ትላላችሁ? እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ግን ወሩ በሚቀየርበት ቦታ ላይ እንጂ በኋላ በኢፌክት አይደለም። ሌላም አለ። ተጠቃሚው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ሆኖ ዓመቱን ወደ 2016 ቢቀይርስ? 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን 5 ናት። ወሩ ሲቀየር ብቻ ያስተካከለ ሰው እዚህ ይያዛል። ስለዚህ ማስተካከያው ቀን፣ ወርና ዓመት አንድ ላይ በሚቀመጡበት ቦታ መሆን አለበት። ሦስቱን ለየብቻ ስቴት ከማድረግ አንድ ላይ መያዝ ለምን እንደሚሻል የሚገባችሁ ያኔ ነው። ማንም "ስቴታችሁን በሥርዓት አዋቅሩ" ብሎ ሊሰብካችሁ አያስፈልግም። ጳጉሜን አስተምራችኋለች።

ታይፕስክሪፕት፣ ለጃቫስክሪፕት የዳታ ዓይነት መቆጣጠሪያ የሚጨምረውን ቋንቋ፣ ለመማር የምትፈልጉም ይሄንኑ ፋይል ውሰዱ። የኢትዮጵያ ቀን የሚል ዓይነት ፍጠሩ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሁሉም ቁጥር። የፈረንጅ ቀን የሚልም ፍጠሩ፤ እሱም ዓመት፣ ወር፣ ቀን። አሁን ሆን ብላችሁ የፈረንጁን ቀን የኢትዮጵያውን ለሚጠብቅ ፋንክሽን ስጡት። ታይፕስክሪፕት ዝም ይላል! ስማቸው ቢለያይም ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ አንድ ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው። ታይፕስክሪፕት የሚያየው ቅርጽን እንጂ ስምን አይደለም። ለሁለቱም አቆጣጠሩን የሚናገር አንድ ተጨማሪ መስክ ስትሰጧቸው፣ አንዱ ላይ "ኢትዮጵያ" ሌላው ላይ "ጎርጎርዮስ" የሚል፣ ወዲያው መጮህ ይጀምራል። ይሄን ባሕርይ በትርጓሜ ያነበበ ይረሳዋል። በ7 ዓመት የተሳሳተ መልስ ያየ አይረሳውም።

ስለ ዳታና ስለ ኤአይ

ፍሬምወርክ ስትጭኑ ከእናንተ ኮድ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነገር ይወርዳል። የኢንተርኔት ፓኬጅ እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። እነዚህን የሚያወርደው ኤንፒኤም የተባለ መሣሪያ አንዴ ያወረደውን ኮምፒውተራችሁ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛውን ፕሮጀክት ስትጀምሩ ፕሪፈር ኦፍላይን የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩበት ካለው ነው የሚጠቀመው። ዶክመንቴሽንም እንዲሁ፤ ዴቭዶክስ የሚባለው ገጽ የመረጣችሁትን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባችኋል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ እነዚህን ጨርሱ። ከዚያ መብራት እስካለ ድረስ ቤት ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል። መብራት ሲሄድ እንዳይቆጫችሁ ደግሞ ትንሽ በሠራችሁ ቁጥር ኮሚት አድርጉ፤ የደረሳችሁበትን በጊት መመዝገብ ማለት ነው።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን አትንኩ አልልም። ግን "የቀን መቀየሪያ በሪአክት ሥራልኝ" ካላችሁት ውሳኔውን ሁሉ እሱ ይወስነዋል። ያው ቪዲዮው ማለት ነው፤ ፈጠነ እንጂ። ራሳችሁ ጽፋችሁ ስትጨርሱ "ይሄን ኮድ ተመልከት፣ የት ላይ ይፈርሳል?" ብትሉት የተሻለ ይጠቅማል። የጻፈላችሁን ኮድ ግን ሳታምኑ በዓድዋ ፈትኑት። መስከረም 1ን ሁልጊዜ 11 አድርጎ በሙሉ ልብ ሊሰጣችሁ ይችላል። የራሳችሁንም መልስ ማስተያያ አለ፤ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። መጀመሪያ ግን ራሳችሁ ሥሩት፤ መማሪያው እሱ ነው።

ሰው ፊት ማውጣት

ሠርቶ ኮምፒውተር ውስጥ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ጊትሀብ ፔጅስ እንዲህ ያለ ገጽ በነጻ ያወጣል፤ የባንክ ካርድም አይጠይቅም። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሎች ብዙ አገልግሎቶች ገና ሲመዘገቡ የውጭ ካርድ ይላሉ።

የመጀመሪያ ቀን ነጭ ገጽ ብታዩ አትደንግጡ። በቪት የተሠራ ፕሮጀክት ፋይሎቹን ከድረ ገጹ ሥር መጀመሪያ ላይ ይፈልጋቸዋል። ጊትሀብ ፔጅስ ግን ፕሮጀክቱን በራሱ ስም በተሰየመ ንዑስ አድራሻ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ቪት ማስተካከያ ፋይል ላይ ቤዝ የሚለውን የፕሮጀክታችሁ ስም አድርጉት፤ ይመጣል። ከዚያ ሊንኩን ውጭ አገር ላለ ዘመድ ላኩ። የሰዓቱን ወጥመድ በትክክል ማለፋችሁ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቀጣዩ፦ "ፀሐይ"ን የሚያገኝ ፍለጋ

የቀን መቀየሪያው የማያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከሰርቨር ምንም አያመጣም። ለዚህ ሁለተኛ ፕሮጀክት ያስፈልጋል፤ እሱም ከምናውቀው ጥያቄ ቢሆን ይመረጣል። የስም ፍለጋ ይሁን። አንዱ "ፀሐይ" ይላል፣ ሌላው "ጸሀይ"፣ ሌላው "ፀሀይ"። ለኛ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው።

ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን አቀማመጡ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ ነው የተደረደረው። የፀ ቤተሰብ ከጸ ቤተሰብ በ8 ይርቃል፤ ሠ ከሰ በ16፤ ሐ ከሀ በ16፤ ዐ ከአ በ48። ስለዚህ ሠላሳና አርባ ፊደል እያጣመሩ መጻፍ አያስፈልግም። ቤተሰቡን ለይቶ ቁጥር መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ኀንም አትርሱ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ደግሞ አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነሱንም አንድ አድርጉ። ይሄም ለብቻው በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ንጹሕ ፋንክሽን ነው።

ከዚያ ስሞቹን ከሰርቨር አምጡ። ተጠቃሚው ፊደል በጻፈ ቁጥር ጥያቄ ይላክ። "ፀ" ሲል አንድ ጥያቄ፣ "ፀሐ" ሲል ሌላ ጥያቄ። የቤታችሁ ኢንተርኔት ፈጣን ከሆነ ሁሉም ደህና ይመስላል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ዘግይቶ ከሁለተኛው በኋላ ሲመጣ ነው። ሳጥኑ ውስጥ "ፀሐ" ተጽፎ ከሥሩ የ"ፀ" መልስ ይወርዳል። ሪአክትም ቪዩም ስቬልትም ይሄን በራሳቸው አያስቆሙትም። አዲስ ጥያቄ ሲላክ አሮጌውን አቦርት ኮንትሮለር በሚባለው መሰረዝ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ፍሬምወርክ ይሄ መሰረዣ የሚጻፍበት የየራሱ ቦታ አለው። ያንን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው የሁለተኛው ፕሮጀክት ትምህርት።

ችግሩን በዓይን ለማየት ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱና በፍጥነት እየጻፋችሁ እየሰረዛችሁ ሞክሩ። ኔትወርኩ በራሱ ጊዜ 3ጂ የሚሆንበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይሄን ማስመሰያ ላያስፈልገው ይችላል።